ቀይ የሌለው ዱንጉዛ

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ፣ የጅግጅጋ ነፋስ የግቢያችንን የቆርቆሮ በር ሲያንገጫግጭ፣ ልጄ ከአርባ ምንጭ ደወለችልኝ። ኤልሳቤጥ እዚህ ተወልዳ እዚህ ያደገች ልጅ ናት። የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ ከአገሩ ሁሉ አርባ ምንጭ ደረሳት፤ እኔ ትቼው የወጣሁት ከተማ። ምደባውን በስልኳ አይታ ስትነግረኝ ሳቅኩ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ጸለይኩ። ለምን እንደጸለይኩ ግን ያን ቀን ለራሴም አልነገርኩትም።

"እማ፣ አትደንግጪ እሺ?" አለችኝ። "ዓይኔ ላይ የሆነ ነገር አለ። ስልክ ወድቆ ስክሪኑ ሲሰነጠቅ ታውቂ የለ? እንደዛ። ስንጥቁ ግን ያበራል፤ ይንቀጠቀጣል። ጓደኛዬን ሳያት ግማሽ ፊቷ የለም።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"ጣቶችሽስ?" አልኳት።

"እንዴት አወቅሽ?"

እንዴት እንዳወቅኩ በስልክ የሚነገር አልነበረም። ብርሃን ከሌለበት ቦታ እንድትተኛ፣ ቃል ቢጠፋባት እንዳትፈራ፣ ከብርሃኑ በኋላ ሕመም እንደሚከተል ነገርኳት። እሷም "እማ፣ ያንን... በሩን... በር ስጡኝ" አለችና ቆመች። ውሃ ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። ስልኩን ጓደኛዋ ተቀበለች። ክሊኒክ ወስደዋት አይተዋት፣ ማስታገሻ ሰጥተዋት፣ ተኝታ እንድታርፍ ብለው እንደሸኟት ነገረችኝ። ግን ዶርሙ በፈተና ወቅት ገበያ ነው፤ ጓደኛዋም ራሷ ለፈተና መግባቷ ነው። "ዘመድ የላችሁም እዚህ?" አለችኝ በትሕትና።

አባቴ የለም። አክስቴም የለችም። አንድ ቁጥር ግን ስልኬ ውስጥ አለ፤ "ታደለች ሲቀላ" ብዬ ያስቀመጥኩት። የአጎቴ ልጅ ከዓመታት በፊት የሰጠኝ ነው። አንድ ቀን ደውዬበት አላውቅም። አውራ ጣቴን ስሟ ላይ አድርጌ እዚያው ቀረሁ። ይህን የምጽፈው ያን ሰዓት ጣቴ ለምን እንደከበደኝ ለመናገር ነው።

የተወለድኩት ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ደጋው ላይ፣ ኦቾሎ ነው። አባያ ሐይቅ ከሥሩ ቀይ አፈር እንደሟሟበት ውሃ ተዘርግቶ የሚታይበት ሸንተረር ላይ። አባቴ ሸማኔ ነበር። እግሩን ሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ሲሠራ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ማግ እጠቀልልለት ነበር። ነጩን ጋቢ ሲሠራ ይሰለቸኛል። ዱንጉዛ ሲሠራ ግን ከዚያ አልነሳም። ዱንጉዛ የእኛ አገር ጥለት ነው፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩ እንደ መጋዝ ጥርስ እየተናከሰ ይወርዳል። የተከበረ ሰው ለብሶት አደባባይ ይወጣል። ጥርሱ ከአባቴ እጅ ሥር አንድ በአንድ ሲወጣ ማየት፣ ለእኔ ከተረት ይበልጥብኝ ነበር።

ስለዚህ በረት ስጠርግ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ነገር ሲመጣብኝ ሌላ ስም አልነበረኝም። ከዓይኔ ጥግ አንዲት ነጥብ ጠፋች። የጠፋችው ቦታ ላይ ጥርስ ያለው ብርሃን በቀለ፤ እየሰፋ፣ እየተንቀጠቀጠ እንደ ቅስት ከበበኝ። ሮጬ ለእናቴ "ዱንጉዛ ዓይኔ ውስጥ ገባ" አልኳት። ከዚያ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ከንፈሬ የሰው ከንፈር መሰለኝ፣ ቃላት ቦታቸውን ለቀቁ። ከዚያ ብርሃኑ ጠፋና ጥቂት ጸጥታ ሆነ። ያን ጸጥታ እስከ ዛሬ እፈራዋለሁ። ዝናብ ከመውረዱ በፊት ወፎች ዝም የሚሉትን ይመስላል። ሕመሙ የመጣው ከእሱ በኋላ ነው፤ ከግራ ቅንድቤ በላይ ሰው ተቀምጦ በሙቀጫ የሚወቅጥ ያህል። የወጥ ሽታ ሆዴን ገለበጠው። የዶሮ ድምፅ እንኳ እንደ ምስማር ነበር።

በኦቾሎ እንዲህ ያለ ነገር ድሮ ስም ነበረው። ጎሜ ይሉታል። ሰውየው ራሱ፣ ወይም አባቱ፣ ወይም የአባቱ አባት ሊረግጠው የማይገባውን ረግጧል፤ ሕመሙ የዚያ ምልክት ነው። ሽማግሌ ይጠየቃል፣ ጥፋቱ ይነገራል፣ በግ ይታረዳል። ወላጆቼ ወንጌልን ሲቀበሉ ጎሜ የሚለው ቃል ከቤታችን ወጣ። ጥያቄው ግን አልወጣም። እናቴ ግንባሬን ቅባት እየቀባች፣ ማንም እንዳይሰማት ዝቅ ብላ፣ "ምን አድርገሽ ነው?" ትለኝ ነበር። ያደረግኩትን ሁሉ ፈልጌ አጣሁ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ኃጢአት ስትፈልግ ምን ታገኛለች? ከጓዳ የወሰድኳትን የማር ጠብታ ተናዘዝኩ። ሕመሙ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ መጣ።

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አርባ ምንጭ ወረድኩና ከአክስቴ ማርታ ዘንድ ተቀመጥኩ። ቤቷ ሲቀላ ነው፣ የታችኛው ከተማ፣ ከጸሎት ቤታችን አጥር ሥር። ባሏ ሞቶባታል፤ ጸሎት ቤቱን ትጠርጋለች፣ አግዳሚዎቹን ታስተካክላለች፣ ቁልፉም አንገቷ ላይ ነው የሚውለው። ያ ቁልፍ ክብሯ ነበር። እኔም የእሷ ልጅ ተብዬ መዘምራን ውስጥ ገባሁ። ደጋ ለለመደ ሰው የሲቀላ ሙቀት ከላይ አይወርድም፣ ከመሬት ነው የሚነሳው። ማንጎ ሲደርስ መንገዱ ሁሉ ይጣፍጣል፣ ዝንቡም እንዲሁ። ማታ ማታ ኩርኩፋ፣ የተቀቀለ የበቆሎ ሊጥ ድቡልቡል፣ በሽፈራው ቅጠል እንበላለን፤ አክስቴ ከጎኑ የምታስቀምጣት ዳጣ እንባ ታስመጣለች። ከጫሞ ሐይቅ የመጣ ዓሳ ጎረቤት ሲጠበስ፣ ሌላ ጊዜ የምወደው ሽታ፣ በሕመሜ ቀን ትራስ ውስጥ ፊቴን ያስቀብረኝ ነበር። ሕመሙ ከእኔ ጋር ነው የወረደው፤ በወር አንዴ፣ በጥናት ሰሞን ደግሞ በየሳምንቱ።

በመዘምራን ውስጥ ከጎኔ የምትቆመው ታደለች ነበረች። እናቷ እትዬ ወርቅነሽ ሙዝ ነጋዴ ናት። ታደለች ከልጅነቷ የሚጥል በሽታ ነበረባት፤ ማታ ማታ የምትውጣት ትንሽ ነጭ ኪኒን ከሆስፒታል ይሰጧታል። ኪኒኗን ከጀመረች ወዲህ አትወድቅም። ግን ታንቀላፋለች። ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች፣ ስብከት ላይ ታንቀላፋለች፣ አንድ ጊዜ ቆማ እየዘመረች አንቀላፍታ እኔ ትከሻ ላይ ወድቃብኛለች። ድምጿ ግን ሲነቃ ጸሎት ቤቱን ይሞላዋል። እኔ ራሴን ይዤ፣ እሷ ዓይኗን እያሸች፣ ሁለታችን የመዘምራኑ መቀለጃ ነበርን። "አንዷ ትተኛለች፣ አንዷ ታለቅሳለች" ይሉናል። ታደለች ለእኔ ብቻ "እኛ ሁለታችን አንድ ሙሉ ሰው አይወጣንም" ትለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጾም ጸሎት ነበር። ቆርቆሮው ሥር ከጧት ጀምሮ ሳንበላ ሳንጠጣ ቆመናል። ሙቀቱ፣ ረሀቡ፣ የብዙ ሰው ጩኸት፤ ዛሬ ሳስበው ሕመሜን ለመጥራት የቀረ ነገር አልነበረም። እትዬ ወርቅነሽ ልጇን ወደ ፊት አመጣቻት። የጸሎት ቡድኑ መሪ ወንድም ዮሐንስ እጁን ጫነባት። ቀን ቀን የመንግሥት ቢሮ ጸሐፊ ነው፤ ቅን ሰው ነው፣ ለታመመ ሰው ከልቡ የሚያለቅስ። እኔ ከኋላዋ ሆኜ ትከሻዋን ይዤ ነበር፣ ከወደቀች ልይዛት።

ጥርሱ ከዓይኔ ጥግ መጣ። የታደለችን ራስ ከበበው። አይቶት ለማያውቅ ሰው እንዴት እንደሆነ እንዴት ልናገር? ፀጉሯ ዙሪያ ነጭ እሳት የተሸመነ ያህል ነበር። ለአክስቴ ልነግራት፣ ያመኛል ልላት ፈለግኩ። ከአፌ የወጣው "ብርሃን" የሚል፣ "ዱንጉዛ" የሚል፣ ከዚያ ቃል ያልሆነ ነገር ነበር። የደነዘዘ ምላሴ ያመጣውን ያመጣል። አንድ ሰው "ልሳን ነው" አለ። ቤቱ በአንድ ጊዜ ተነሣ።

ወንድም ዮሐንስ ፊቱ በእንባ ርሶ ተረጎመው። እህታችን ብርሃን አየች፤ ዱንጉዛ የክብር ልብስ ነው፤ እግዚአብሔር ይህችን ልጅ ዛሬ የክብር ልብስ አለበሳት፤ የሕመም ልብሷን አወለቀላት። እትዬ ወርቅነሽ መሬት ላይ ተደፋች። እኔ ከኋላ በር ወጥቼ ሙዙ ሥር አስታወክኩ። ያንንም ያዩት በበጎ ተረጎሙት።

በልሳን መናገር አለ ብዬ ዛሬም አምናለሁ፣ ሰምቼም አውቃለሁ። የእኔ ግን እሱ አልነበረም። ስሜ ሐና ነው። የስሜ ባለቤት፣ የመጽሐፍ ቅዱሷ፣ ስትጸልይ ሰክራለች ተብላለች። እኔን ደግሞ ታምሜ ሳለሁ ነቢይት አሉኝ።

ያን ቀንና ሌሊቱን ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝቼ፣ አክስቴ እርጥብ ጨርቅ እየቀያየረችልኝ አለፈ። በማግስቱ እሑድ ደንዝዤ ስገባ ሰው መንገድ ለቀቀልኝ። አሮጊቶች እጄን ያዙ። በምስክርነት ሰዓት እትዬ ወርቅነሽ ተነሣች። አማርኛን በገበያ የተማረች ሴት ናት፤ ሲጨንቃትም ሲደሰትም ወንዱንና ሴቱን ትቀላቅላለች። "ልጄ ዳነ" አለች። "ኪኒኑን ቦይ ውስጥ ደፋሁት። ከእንግዲህ አይወድቅም።" ቤቱ ሁሉ አሜን አለ። እኔ ግን "ቦይ ውስጥ" የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረ።

ለአክስቴ የዚያኑ ቀን ነገርኳት። ጥርሱ ሒሳብ ክፍል ውስጥ መጥቶብኝ እንደሚያውቅ፣ ድስት ሳጥብ እንደመጣብኝ፣ ጸሎት እንደማይመርጥ። እሷም ታውቃለች፤ ጨርቁን የምትቀይረው እሷ አይደለችም? ቁልፏን በጣቷ ታገላብጥ ጀመር።

"ከእግዚአብሔር አይደለም ካልሻቸው፣ ቀጥለው ከማን ነው ይሉሻል" አለችኝ። "ያኔ እጅ የሚጫነው አንቺ ላይ ነው። እኔ ሳልሞት እዚህ ቤት ጋኔን ውጣ ሲባል መስማት አልፈልግም።"

የተናገረችው እውነት ነበር። በእኛ ዘንድ ሁለት መሶብ ብቻ ነበር፤ ከላይ የመጣና ከታች የመጣ። ኦቾሎ ብሆን ጎሜ ነው፣ ሲቀላ ስሆን ራእይ ነው። ዝም ብሎ ራስ ብቻ የሚሆን ራስ ማንም አላስቀመጠልኝም።

ቢሆንም ታደለች ዘንድ ሄድኩ። ጓሮ ውስጥ ጥሬ ሙዝ በቅጠል እየሸፈነች ትዘምራለች። እንዲህ ቀጥ ብላ ቆማ አይቻት አላውቅም።

"ነቢይቷ መጣች፤ ጫማ አውልቁ" አለች።

"ታደለች፣ ኪኒኑን ውሰጂ።"

"የታለና? ቦይ ውስጥ ነው። አሁን የሚያንቀላፉት ዓሦቹ ናቸው።"

ከሆስፒታል ሌላ እናምጣ አልኳት። ሳቋ ቆመ። ያን ጊዜ ያለችኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ትላንት መምህሩ ሰሌዳው ላይ የጻፈውን እስከ መጨረሻው ተከተልኩ፣ ዛሬ ጠዋት ከእናቴ በፊት ነቃሁ፣ የአባያ ውሃ ከዚህ እንደሚታይ እንኳ አሁን ገና ነው ያየሁት አለች። "ሐኒዬ፣ ያየሽውን አየሁ በይና ተይኝ።"

"ያየሁትን ድስት ሳጥብም አየዋለሁ።"

"እንግዲያው እግዚአብሔር ድስት ማጠቢያም ይገባል ማለት ነው" አለችና ሙዟን መሸፈኗን ቀጠለች።

ከእሷ ጋር ተከራክሬ አሸንፌ አላውቅም። መንገዱን እያለቀስኩ ተመለስኩ። ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር፤ ኪኒኑ ከመውደቅ ያድናታል፣ ግን ደግሞ ግማሽ ሕይወቷን ያስተኛታል። የእኔ ሕመም ለእሷ ንቃት ሰጣት። የሄድኩት ያንን ልቀማት ነበር።

ረቡዕ ማታ ጸሎት ላይ፣ ምስክርነት ያለው ይናገር ሲባል ተነሣሁ። ያልኩት አጭር ነው። ቅዳሜ ያየሁት ብርሃን በሕመሜ ቀን ሁሉ የማየው ብርሃን እንደሆነ፣ ከእሱ በኋላ ራሴን እንደሚያመኝና እንደሚያስታውከኝ፣ ስለዚህ በእኔ ብርሃን ማንም ሰው መድኃኒቱን እንዳይተው ነገርኳቸው።

አክስቴ ዓይኗን መጥረጊያው ላይ ተክላ ቀረች። በመጨረሻ ወንድም ዮሐንስ ተነሣ። አልተቆጣም። የተከፋ ሰው ፊት ነበረው።

"እህት ሐና" አለኝ፣ "እግዚአብሔር በራስ ምታት መናገር ያቅተዋል?"

"አያቅተውም" አልኩት። "ግን ብርሃን አየሁ እንጂ ኪኒን ጣሉ ሲል አልሰማሁም።"

አንድ ሰው ዝማሬ ጀመረ፣ ነገሩን ለመሸፈን። ሁሉም ተከተለ። ታደለች ከጎኔ ቆማ ነበር፤ ስትዘምር ወደ እኔ አልዞረችም። በር ላይ እትዬ ወርቅነሽ ክንዴን ያዘችኝ። "ልጄ ዳነ" አለችኝ ቀስ ብላ። "እግዚአብሔር የሰጠውን የምትመልሺ አንቺ ማን ነሽ?"

ሳምንቱ ሳያልቅ ታደለች ወደቀች። ገንፎ ስታማስል ምድጃው ላይ ነው የወደቀችው። ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ ተቃጠለ። ጩኸቱን ሰምቼ ስደርስ ጎረቤቶች በጋቢ ጠቅልለው ሊያወጧት ነበር። እትዬ ወርቅነሽ ግቢው መሐል ቆማ እጇን አንከርፍፋለች። "ወደቀ" ትላለች። "ልጄ ወደቀ።" ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ጥርጣሬሽ ጣለው" አለችኝ።

እንግዲህ ይህ ነው። ሌሎቹም ያንኑ አሰቡ፣ ባይሉትም። ፈውሱ መጥቶ ነበር፣ በጥርጣሬ ተመለሰ። ለዚህ መልስ የለም። እኔ ዝም ብል ኖሮ ባልወደቀች የሚል ሰው፣ ትወድቅ ነበር ለሚለው ጆሮ የለውም፤ ማሳየትም አይቻልም። ሆስፒታል ልጠይቃት ሄጄ እትዬ ወርቅነሽ በሩ ላይ ቆመችብኝ። ዓይኗ አብጧል። በእጇ ትንሽ የወረቀት ከረጢት ይዛለች፣ አዲስ ኪኒን። ልግባ ብላት "ተኝቷል" አለችኝ። በሩን ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ታደለችን አላየኋትም። ከትምህርት ቤት ቀረች፤ እኔን ማየት አትፈልግም ተባልኩ፤ እሷ ራሷ ትበለው እናቷ፣ አልጠየቅኩም።

ከጸሎት ቤቱ ማንም አላባረረኝም። እጅም ማንም አልጫነብኝም፤ አክስቴ የፈራችው አልደረሰም፣ ቁልፏም አንገቷ ላይ ቀረ። ብቻ አግዳሚው ላይ በእኔና በሚቀጥለው ሰው መካከል ቦታ ይተርፍ ጀመር። የመዘምራን ልብሴን አክስቴ አጥባና ተኩሳ ለመዘምራኑ መለሰችልኝ። ከማንም ሳልጣላ፣ በዝምታ ነው የወጣሁት።

አባቴ ወሬውን ሰምቶ በገበያ ቀን ከኦቾሎ ወረደ። አክስቴ ግቢ ማንጎው ሥር ተቀመጠ፤ ውሃ ጠጣ፤ ስለ ጥጥ፣ ስለ ዝናብ ተናገረ። ምን አድርገሽ ነው እንዲለኝ ጠበቅኩ። አላለኝም። በራሳችን ቋንቋ፣ እስቲ ያን ነገር አሳዪኝ አለኝ። ስንጥር አንሥቼ አሸዋው ላይ ሣልኩለት። ጎንበስ ብሎ፣ ጨርቅ እንደሚገዛ ሰው፣ ጥርሱን በጣቱ ተከተለው።

"ቀዩ የታለ?"

"ቀይ የለውም አባዬ።"

"ቢጫስ?"

"ቢጫም የለውም። ነጭ ነው። ያንጸባርቃል።"

"እንግዲያው ዱንጉዛ አይደለም" አለ። ነገሩ አለቀ። የወንድም ዮሐንስ ትርጉም፣ የክብር ልብሱ፣ የሳምንቱ ለቅሶ፣ ሁሉ የቆመው በዱንጉዛ ላይ ነበር፤ ሸማኔው ደግሞ ዱንጉዛ አይደለም አለ። ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ሥዕሉን በመዳፉ ደመሰሰና፣ "ይህ ሲመጣብሽ አጠገብሽ የሚቀመጠው ማን ነው?" አለኝ። አክስቴ ናት አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሲሄድ ለእሷ አንድ ነጭ ጋቢ ትቶላት ሄደ።

ትምህርቴን ጨርሼ ለመምህርነት ሥልጠና ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ደቡብ ተመልሼ አልኖርኩም። ባሌ ለሥራ ወደ ጅግጅጋ ሲዛወር ተከተልኩት፤ ቆላውንና ደጋውን ትቼ ነፋሱን ለመድኩ። የሕመሜን ስም ያወቅኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። አንዲት ወጣት ሐኪም ማይግሬን ነው አለችኝ፤ ከአንጎልና ከነርቭ ነው፣ ብርሃኑም ከዚያው ነው፣ አንዳንድ ሰው ቃል ይጠፋበታል፣ በዘርም ይወረሳል አለችኝ። ብርሃኑን እንደ ዝናብና እንደ ወባ አድርጋ ስትናገር ደስታ ተሰማኝ። ደግሞ ትንሽ ጎደለብኝ። የወንድም ዮሐንስ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም። እግዚአብሔር በራስ ምታት መናገር አያቅተውም፤ አንዳች ነገር ብሎኝ እንደሆነ ግን አላውቅም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ጨርቅ ግንባሬ ላይ አድርጌ ስተኛ እጠይቀዋለሁ። እስካሁን የመለሰልኝ በዝምታ ነው። ዝምታውን ራሴ አልተረጉመውም።

በዘር ይወረሳል የሚለውን ለኤልሳቤጥ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ጓዳ ገብቼ የጸለይኩት ለዚህ ነው። የእኔ ነገር ቢያገኛት እንኳ፣ በዚያ ከተማ እንዳያገኛት።

አውራ ጣቴ ቁጥሩ ላይ ነበር ብያለሁ። ተጫንኩት።

"ሃሎ" አለ ወፍራም ድምፅ። ሙዝ ስጡኝ የሚል ሰው ከጀርባዋ ይሰማል።

"ታደለች... ሐና ነኝ። የኦቾሎዋ።"

ገዢው ሙዝ ሲጠይቅ፣ ሲደግም ሰማሁ። መልስ አላገኘም።

"ነቢይቷ?" አለች።

መሳቅ አልቻልኩም። ልጄ እዚያ እንደምትማር፣ አሁን ምን እንደሆነች፣ የት ዶርም እንዳለች በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ይቅርታ ልል ነበር፣ ለምኑ እንደሆነ ሳላውቅ። አላስጨረሰችኝም። "ጥርሱ አለፈ ወይስ ገና ነው?" አለችኝ። አልፏል፣ አሁን ሕመሙ ነው አልኳት። "በይ ዝጊው፣ ባጃጅ ልጥራ።"

የዚያን ከሰዓት በር ላይ ቆሜ ዋልኩ። ነፋሱ አቧራውን ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ይወስዳል። ጎረቤቴ የግመል ወተት ይዛ መጣችና ምን ሆነሻል አለችኝ፤ ልጄን አሟታል አልኳት፤ አጠገቤ ተቀመጠች። አንዳንድ ሰው ማብራሪያ አይጠይቅም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልኩ ጮኸ።

"ልጅሽ ተኝቷል" አለችኝ ታደለች።

ያቺ የተዘጋች የሆስፒታል በር፣ ያ ቃል። ከዚያ ሆነ ብላ በእናቷ አማርኛ እንደተናገረች ገባኝ። ወደ ቤቷ ወስዳታለች፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ባዶ በሆነው አልጋ ላይ አስተኝታታለች፤ መስኮቱን በጋቢ ጋርዳለች። ኤልሳቤጥ አንዴ አስታውካለች፣ አሁን ጸጥ ብላለች፤ ግንባሯን ስትነካላት "እማ" ብላታለች። "እኔ አይደለሁም አላልኳትም" አለችኝ።

"እጅሽስ?" አልኳት በመጨረሻ።

"ሙዝ ከመመዘን አላገደኝም። ስለዚያ ሌላ ቀን እናወራለን። ቆይ፣ ስልኩን እንዳትዘጊው። የኪኒኔ ሰዓት ነው።"

አልዘጋሁም። ብርጭቆ ሲነሣ፣ ውሃ ሲቀዳ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ታደለች ኪኒኗን ስትውጥ ሰማሁ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ጆሮዬ ሊሰማው የፈለገው ያን ትንሽ ድምፅ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አባቴ ማንጎው ሥር፣ አጠገብሽ የሚቀመጠው ማን ነው ብሎ የጠየቀኝም ትዝ አለኝ። ዛሬ ቢጠይቀኝ የምነግረው ስም አለኝ።